ስለ መሸከምና ስለ ማስነሣት

ደካማውን መርዳት ግዴታ መሆኑን የሚክድ ሰው አይገኝም። ነገር ግን መርዳት ማለት ምን እንደ ሆነ የተጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ፥ መርዳት ማለት ለደካማው የሚያስፈልገውን ሁሉ ማድረግ ነው ይላል። ሌላው፥ መርዳት ማለት ደካማው ራሱ ያደርገው ዘንድ ማስቻል ነው ይላል። ሁለቱ ቃሎች ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ በሥራ ላይ በዋሉ ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የፊተኛው መሸከም ነው፤ የኋለኛው ማስነሣት ነው።

በኢሉባቦር ገጠር ሰው በድንገት የታመመ እንደ ሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ ያበጃል። ከሁሩሙ ወይም ከአሌ፥ ወይም ከያዮ የጫካ ቡና ጥላ ሥር ተነሥቶ፥ ጭቃውን ረግጦ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ በሽተኛውን እስከ መኪና መንገድ ያደርሰዋል፤ ከዚያም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይወሰዳል። የጎሬና የመቱ አገር በኢትዮጵያ እጅግ ዝናም ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ በክረምት ቃሬዛ መሸከም እንዴት ያለ ድካም እንደ ሆነ የሚያውቀው የተሸከመ ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውም በዚህ ጊዜ በግልጥ ይታያል። እንዲህ ያለውን መሸከም የሚነቅፍ ሰው የለም፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ጥያቄው የሚጀምረው ቃሬዛው ከተመለሰ በኋላ፥ የሞቱ ፍርሃት አልፎ የኑሮው ነገር በመጣ ጊዜ ነው።

ከመቱ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር፥ ዕድሜው ስድሳን ያለፈ አንድ ባለቡና ይታሰብ። ስትሮክ በተባለው፥ የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመፍሰሱ በሚመጣው በሽታ ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። በሐኪም ቤት ሕይወቱ ተረፈች፤ ወደ ቤቱም ተመለሰ። ሚስቱ በእጅዋ ታጎርሰዋለች፤ ሴት ልጁ ታጥበዋለች፥ ታለብሰዋለችም፤ ወንዶች ልጆቹ ጠዋትና ማታ የሰነፈውን ክንዱን ይዘው ስበው ያነሡታል። ራሴ ልሞክር ባለ ጊዜ፥ «አባባ፥ እኛ እያለን እርስዎ ምን ሊደክሙ!» ይሉታል። ጎረቤትም ይህን አይቶ ልጆቹን ይመርቃል። ስድስት ወር ባለፈ ጊዜ ግን የቀኝ እጁ ጣቶች ተጨብጠው አልዘረጋ አሉ፤ ትከሻው ሲነኩት ያመው ጀመር፤ አስቀድሞ በአልጋው ጫፍ ላይ ብቻውን ይቀመጥ የነበረው ሰው ያለ ደጋፊ መቀመጥ ተሳነው።

በዚያ ቤት በክፋት የተሠራ አንዳች ነገር የለም። የጎደለ ፍቅር የለም፤ የጎደለ ድካምም የለም። ቢሆንም ከደረሰው ጉዳት ከፍ ያለው ክፍል የመጣው ከበሽታው ብቻ አይደለም፤ ከረዳቶቹ እጅም ነው። እንግዲህ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፍቅር ዕውቀት አጥቶ ጉዳት ያመጣ እንደ ሆነ፥ ፍቅር መሆኑ ብቻ ከተጠያቂነት ያድነዋልን?

ይህን ለመመርመር ስለ አንድ ትምህርት አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ትምህርቱ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ በአማርኛ የተግባር ሕክምና ቢባል ነገሩን ይገልጠዋል። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1914 ዓመት ጆርጅ ባርተን የሚባል አሜሪካዊ የሕንጻ ነዳፊ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ የመጽናናት ቤት ብሎ የሰየመውን ቤት ከፈተ። እርሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ፥ የግራ ጎኑም የሰነፈ ሰው ነበረ። ከሕመሙ የተነሣበት በተግባር መሆኑን አይቶ፥ ሌሎችም በሚወዱት ሥራ ኃይላቸውን ይመልሱ ዘንድ አሰበ። በ1917 ዓመት በመጋቢት ወር በዚያው ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሙያውን የመጀመሪያ ማኅበር መሠረቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ዊልያም ደንተን የሚባል የአእምሮ ሐኪም፥ አንዲቱም ኤሊነር ስሌግል የምትባል አስተማሪ ነበረች። የሙያው መሠረተ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሰው የሚድነው ሥራ ከፈታ በኋላ ሳይሆን፥ እንደ ዐቅሙ በተመጠነለት ሥራ ውስጥ ነው የሚል ነው።

ኋላም ሙያው በሰፋ ጊዜ፥ የሐኪሙን ዕቅድ ይዘው ከበሽተኛው ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውሉ ረዳቶች አስፈለጉ፤ ትምህርታቸውም በአሜሪካ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ተደራጀ። እነዚህ ረዳቶች ከሚማሩት ዋናው ኪኒሲዮሎጂ የሚባለው የሰው እንቅስቃሴ ጥናት ነው። ስሙ የግሪክ ነው፤ ትርጓሜውም የእንቅስቃሴ ነገር ማለት ነው። ጥናቱ አዲስ አይደለም፤ አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ ጽፎአል፤ ቦሬሊ የተባለው ኢጣልያዊም አጥንትና ጡንቻ እንደ ማንሻ ዕንጨት መሥራታቸውን በሒሳብ ያስረዳበት መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1680 ዓመት ታትሞአል።

የትምህርቱን ጠባይ ለማወቅ ጥቂት ምሳሌ ይበቃል። በአዋቂ ሰው አካል 206 አጥንት አለ፤ ከዚህም በአንድ እጅ ብቻ፥ ከአንጓው እስከ ጣቱ ጫፍ፥ 27 ይገኛል። አጥንቱን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ከ600 ይበልጣል። ሰው ክርኑን አጥፎ 5 ኪሎ ቡና በእጁ የያዘ እንደ ሆነ፥ የላይኛው ክንድ ጡንቻ የሚስበው 5 ኪሎ ብቻ አይደለም። ጡንቻው የተተከለው ከክርኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሲሆን ቡናው ግን 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃልና፥ ጡንቻው የሚስበው የቡናውን ሰባት እጥፍ፥ ማለት 35 ኪሎ ያህል ነው። ለጤነኛው ቀላል የሚመስለው ነገር ለደካማው ለምን ተራራ እንደሚሆንበት ከዚህ ይታወቃል። ቡናው ወደ ደረት ቀርቦ፥ ክርኑም በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የተያዘ እንደ ሆነ ግን ያው ደካማ ክንድ ሊችለው ይችላል። የጡንቻው ኃይል አልጨመረም፤ የተለወጠው ርቀቱና ድጋፉ ብቻ ነው።

እንዲሁም የዕለት ተግባር ሁሉ በዚህ ጥናት ይተነተናል። ከከፍተኛ ቅርንጫፍ ቀይ ቡና ለመልቀም ክንድ ከትከሻ በላይ መነሣት አለበት፤ ጤነኛ ትከሻ እስከ 180 ዲግሪ ይነሣል። ጣቶችም ፍሬውን ቆንጥጠው መጠምዘዝ አለባቸው። ጀበናን አንሥቶ ለመቅዳት የክንድ ታችኛው ክፍል ይዞራል፤ አንጓው ይጸናል፤ ዐይንም የስኒውን አፍ ይጠብቃል። እንጀራን ቆርሶ ወጥ ለመጥቀስ አውራ ጣት፥ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት ይገናኛሉ፤ ከዚያም እጅ ወደ አፍ ይደርስ ዘንድ ክርን እስከ 130 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ተግባሩ ይቆማል፤ ረዳቱም የትኛው እንደ ጎደለ ለይቶ ያወቀ እንደ ሆነ፥ የሚረዳው የጎደለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለባለቤቱ ይተውለታል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ለሥነ ምግባር ጥያቄ የሚቀርበው የጡንቻ ኃይል መለኪያ ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። 0 ማለት ምንም የኃይል ምልክት የሌለበት ነው፤ 5 ማለት ሙሉ ኃይል ነው። በ1 ጡንቻው በጣት ሲዳሰስ ይሰማል፥ አካል ግን አይንቀሳቀስም። በ2 አካሉ የሚንቀሳቀሰው ክብደቱ የተያዘለት እንደ ሆነ ነው፤ በ3 የራሱን ክብደት ያነሣል። እንግዲህ ኃይሉ 2 የሆነ ክንድ በሽተኛው ጭን ላይ ተቀምጦ ሲታይ ፈጽሞ የሞተ ይመስላል። በለሰለሰ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት እንደ ሆነ ግን ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ያልተማረ ዐይን በ0 እና በ2 መካከል ያለውን ልዩነት አያይም፤ ልዩነቱ ግን በተስፋ መቍረጥና በተስፋ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የባለቡናው ልጆች እጁ ሞተ ብለው በነጠላ ጠቅልለው ያስቀመጡት በሕይወት ሳለ ይሆናል።

ርኅራኄ ያለ ዕውቀት የሚሳሳትባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን መናገር ይበቃል።

የፊተኛው ክንድን ይዞ መሳብ ነው። የትከሻ መጋጠሚያ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ የክንዱን አጥንት በስፍራው የሚያጸኑት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። በስትሮክ ጊዜ እነዚህ ይላላሉ። ስለዚህ በሽተኛውን በሰነፈ ክንዱ ስቦ ያነሣ ሰው አጥንቱን ከስፍራው ያናጋዋል፤ ከዚያም የሚመጣው ሕመም ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ እጁንም ለማንቀሳቀስ ያስፈራል። ተገቢው ግን እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ፥ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ፥ በወገቡ ወይም በጀርባው ደግፎ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ኃይል የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ የተለየው እጅ የሚያርፍበት ስፍራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አንድን መድኃኒት ለሁሉ መስጠት ነው። በስትሮክ የተጨበጠ እጅ ተጨብጦ እንዳይደርቅ በየቀኑ በቀስታ መዘርጋት ያስፈልገዋል። ነገር ግን በኢሉባቦር ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው በረጅም ዛፍ ላይ ነውና፥ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ የወደቀ ሰው አንገቱ ውስጥ ያለው ነርቭ የተጎዳ እንደ ሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ጣታቸውን ማጠፍ አይችሉም፤ አንጓቸውን ወደ ላይ ማቅናት ግን ይችላሉ። አንጓው ወደ ላይ በቀና ጊዜ አጭር ሆነው የቆዩት የጣት ጅማቶች ይወጠሩና ጣቶች በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ሰውዬው በዚህ ብልሃት ስኒ ይይዛል፥ ማንኪያ ያነሣል። ርኅሩኁ ዘመድ እጁ ታጠፈበት ብሎ፥ አንጓውን አቅንቶ ጣቶቹን በየቀኑ ፈጽሞ የዘረጋለት እንደ ሆነ፥ ጅማቱ ይረዝማል፤ ስኒ የሚይዝበት የቀረው ኃይሉም ይጠፋል። ሁለቱ እጆች ለዐይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚገባቸው ርዳታ ግን ተቃራኒ ነው። መልካም ልብ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው ትምህርት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሥራውን ሁሉ መንጠቅ ነው። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዳስረዳው፥ የደከመ እጅ ለብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ እንደ ሆነ አንጎል ያለ እርሱ መኖርን ይለምዳል፤ ኃይሉ ጥቂት በተመለሰ ጊዜ እንኳ አይጠራውም። ስለዚህ ጥቂት እንቅስቃሴ ለቀራቸው ሰዎች ደኅነኛውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት አስሮ ደካማውን ማሠራት የሚባል ሕክምና ተገኘ። ለተመልካች ጭካኔ ይመስላል። ማጉረስ ግን፥ በኢትዮጵያ ከፍ ያለ የፍቅር ምልክት ሆኖ ሳለ፥ በዚህ ስፍራ እጅን የሚያስረሳ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች መስማት ይገባል፤ ሁሉም ከንቱ አይደሉምና።

አንደኛው፥ ሰውን በዲግሪና በኪሎ መለካት ሰውን እንደ መኪና መቍጠር ነው የሚል ነው። ሰው በእርግጥ መኪና አይደለም። ነገር ግን የተግባር ሕክምና መለኪያውን የሚይዘው ለራሱ ለመለኪያው አይደለም። ክርናቸው እኩል የታጠፈ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፥ አንዱ ልብስ ሰፊ፥ አንዱ ቄስ ቢሆኑ፥ ለሁለቱ የሚያስፈልጋቸው አንድ አይደለም። ልብስ ሰፊው የሚፈልገው መርፌ የሚይዝ ጣት ነው፤ ቄሱ የሚፈልገው መስቀል የሚያነሣ ክንድ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው እጅህ ስንት ዲግሪ ይነሣል በሚለው አያበቃም፤ በእጅህ ምን ልትሠራ ትወዳለህ ወደሚለው ይደርሳል። ሰውን መኪና የሚያደርገው ይልቅስ ሳይጠይቁት ማንሣት፥ ሳይጠይቁት ማልበስ፥ ሳይጠይቁት ማስቀመጥ ነው፤ ዕቃ እንዲሁ ይደረጋልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥርዐትና ከአክብሮት የመጣ ነው። አባትንና እናትን ማገልገል የልጅ ግዴታ ነው፤ ሽማግሌ በቤቱ እንዲሠራ መተው ነውር ነው ይባላል። ይህ አክብሮት መልካም ነው፤ ማንም ሊያፈርሰው አይገባውም። ነገር ግን የሽማግሌ ክብር የሚገኘው በመቀበል ብቻ ነውን? በኢሉባቦር ቤት ቡና በተፈላ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚመርቀው ሽማግሌው ነው፤ የተጣሉትን የሚያስታርቀው፥ የደረቀውን ቡና ጥራት በመዳፉ አፍሶ የሚፈርደው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ መስጠት ነው። ሰውን ከመስጠት ከልክሎ ተቀባይ ብቻ ያደረጉት እንደ ሆነ፥ ያከበሩት እየመሰላቸው ከወንበሩ ያወርዱታል። ስለዚህ ልጁ አባቱን ደግፎ በሁለት እጁ ቡና እንዲያፍስ ቢያደርገው፥ አክብሮቱን አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ራስህ አድርገው ማለት ለሰነፍ ረዳት መልካም ሰበብ ይሆናል፤ ድካሙን ከራሱ ላይ አንሥቶ በደካማው ላይ ይጭናል፤ ጭካኔውንም ትምህርት ብሎ ይጠራዋል። ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉም አይጠፉም። ደግሞም ብቻን መቻል የሰው ልጅ የመጨረሻ ግብ አይደለም። አንድ አረጋዊ ደብተራ ልብሱን ብቻውን ለመልበስ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት፥ በዚያም ኃይሉ አልቆ ወደ ቅዳሴ መሄድ ቢያቅተው፥ ምን ተረፈው? እንዲህ ያለው ሰው ልጁ አልብሶት ኃይሉን ለመቆም ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የተግባር ሕክምናም ይህን ይፈቅዳል፤ ኃይልን መቈጠብና ለሚበልጠው ማዋል ከትምህርቱ አንድ ክፍል ነውና። በመቋሚያው ተደግፎ በሚቆምበት ጊዜም ጥናቱ ይከተለዋል። ቀኝ እግሩ የደከመ ሰው፥ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በትሩን በቀኝ እጁ ሳይሆን በግራ እጁ ቢይዝ፥ በደካማው ዳሌ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል።

ደግሞም ከቶ የማይነሣ በሽተኛ አለ። ለእርሱ እስከ መጨረሻው መሸከም ይገባል፤ እርሱን ተነሣ ብሎ ማስጨነቅ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ በምን ጎን እንደሚተኛ፥ መቼ እንደሚመገብ፥ ማን እንደሚያጥበው መምረጥ ለእርሱም የቀረለት ተግባር ነው፤ ይህም ሊወሰድበት አይገባም።

በወንጌል የተጻፉት ሁለቱ ሽባዎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የቅፍርናሆሙን አራት ሰዎች ተሸክመው፥ ጣራ አፍርሰው አወረዱት፤ መሸከማቸውም ተመሰገነ። በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የሚታሰበው መፃጉዕ ግን በ38 ዓመት ሕመሙ ሰው የለኝም ብሎ ያዘነ ነበረ፤ ከመዳኑ በፊት ፈቃዱ ተጠየቀ፤ ከዳነም በኋላ አልጋውን የተሸከመው ራሱ ነው። እንግዲህ ለሁለቱም ጊዜ አላቸው፤ ሰውን የሚሸከሙበት ጊዜ አለ፥ ሰውን የሚጠይቁበትና አልጋውን ለራሱ የሚተዉበት ጊዜም አለ። ጥበቡ ጊዜያቱን መለየት ነው።

ለመለየትም ይህ ትምህርት እጅግ የሚደነቅ መሣሪያ አበጅቶአል። ሌላው ሕክምና የሚለካው በሽተኛውን ነው፤ ይህ ግን የረዳቱን እጅ ጭምር ይለካል። በሽተኛው ከሥራው ከመቶ 75 ወይም ከዚያ በላይ ራሱ የሠራ እንደ ሆነ ርዳታው ጥቂት ይባላል፤ ከ50 እስከ 74 ከሆነ መካከለኛ ይባላል፤ ከ25 እስከ 49 ከሆነ ብዙ ይባላል፤ ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ የረዳቱ ነው ይባላል። ረዳቱ ይህን በየጊዜው ይጽፋል፤ እጁም ከወር ወደ ወር ማነስ ባለበት ጊዜ ሳያንስ የቀረ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱን ራሱን ይጠይቃል። በሽተኛው አልቻለምን? ወይስ ረዳቱ ቸኰለ? ወይስ ረዳቱ ተፈላጊ መሆንን ወደደ? የመጨረሻው ጥያቄ የኅሊና ጥያቄ ነው። ከርኅራኄ ሥር የተደበቀ ትዕቢት አለ፤ እርሱም ያለ እኔ አይኖርም የሚል ነው። ከመቶ ስንት ብሎ የሚጠይቅ ተራ ቍጥር ይህን ትዕቢት ከብዙ ስብከት ይልቅ ያጋልጠዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1965 ዓመት የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችና እግሮች ሲታከሙበት ኖሮአል። በዚያ በሽታ የሰው ጣት የሚጠፋው ሥጋው በስብሶ እንደ ሆነ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር፤ ጳውሎስ ብራንድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር ባደረገው ምርምር ግን፥ ጉዳቱ ሕመም ካለመሰማቱ የተነሣ በየቀኑ ሥራ የሚደርስ ቁስል መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ትኩስ ድስትን በጨርቅ እንዲይዝ፥ እጁን ማታ ማታ በዐይኑ እንዲመረምር ማስተማር ከመድኃኒቱ እኩል ሆነ። በ2010 ዓመት ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት አጸደቀች፤ 26ኛው አንቀጽ ጉዳተኛው ችሎታውን የሚያገኝበትና የሚመልስበት አገልግሎት እንዲደራጅ ያዛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2017 ዓመት በጀመረው ኅብረት መሠረት የተግባር ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀምሮአል።

ጎንደር ግን ከመቱ ሩቅ ነው። ከዚያ የሚመረቁት ጥቂቶች በኢሉባቦር ወዳለ ቤት ሁሉ ሊደርሱ አይችሉም። በጎሬ፥ በመቱ፥ በበደሌ፥ በቡሬ የደካማው እውነተኛ ረዳት ሚስቱ ናት፥ ልጁ ነው፥ ጎረቤቱም ነው። ረዳቱ በትምህርት ቤት ከሚማረው ውስጥ ለእነርሱ ሊተላለፍ የሚችለው ብዙ ነው፤ የሰነፈ ክንድን አለመሳብ፥ ደካማውን እጅ በጠረጴዛ ላይ አኑሮ መሞከር፥ ሥራን ከመንጠቅ በፊት መጠየቅ ዲግሪ አይፈልግም። በመቱ የጤና ትምህርት የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆስፒታልም አለ፤ በየሰፈሩም ዕድር አለ። ዕድር ለሞተው ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ለተኛው አባል ግን የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ለቤተሰቡ አንድ ቀን እንዲያሳይ ቢያደርግ ከሥራው የሚርቅ ነገር አይደለም። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ቄስም ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ፥ «ዛሬ በእጅዎ ምን ሠሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ቤተሰቡ ሁሉ ስለዚያ እጅ እንዲያስብ ያደርጋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው መልስ ይደረሳል። ፍቅር ያለ ዕውቀት ጉዳት ባመጣ ጊዜ ተጠያቂ ነውን? ዕውቀቱ በአገሩ ባልነበረ ጊዜ፥ የባለቡናው ልጆች ምንም በደል የለባቸውም፤ ያላቸውን ሰጥተዋልና። ዕውቀቱ ወደ ከተማው ከደረሰ በኋላ ግን አለማወቅ እንደ ቀድሞው ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። ጥፋቱም አስቀድሞ የሚያርፈው በገበሬው ልጆች ላይ አይደለም፤ እያወቀ ባላስተማረው፥ ማንበብ እየቻለ ባልጠየቀው፥ በየሳምንቱ ብዙ ሰው እየሰማው ስለዚህ አንዲት ቃል ባልተናገረው ላይ ነው። ፍቅር መሆኑ ፍቅርን የሚያድነው ለመማር ፈቃደኛ እስከ ሆነ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ፥ እጁን ስቦ ያናጋ ልጅ ምርቃት ሲቀበል፥ ትከሻው የተናጋው አባት ግን ዝም ብሎ ያማል።